ጀርባው ላይ ዓይን ያለው ተከላካይ

ባለፈው ጥምቀት ደባርቅ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ፣ ማታ ማታ የወንድሜን ልጅ ተከትዬ ፕሌይስቴሽን ቤት እገባ ነበር። ጠባብ ቤት ናት፤ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ብርድ እንዳይገባ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጋረደ በር። ሕጉ የትም ያለው ሕግ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል።

አንድ ማታ፣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ በሁለት ተከላካዮች መሃል የምትሰነጠቅ ቆንጆ ኳስ ላከ። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ራሱ ግብ አዙሮ እየሮጠ ነበር። ኳሷንም፣ ያቀበላትንም ሰው አያይም። ኳሷ አጠገቡ ስትደርስ ግን እግሩን ዘረጋና፣ ዘወር እንኳ ሳይል ቆረጣት። ልጁ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጥሎ "ይሄ ሰውዬ ጀርባው ላይ ዓይን አለው እንዴ!" አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ የኮምፒውተር መምህር አይደሉ? እስኪ ይንገሩን፣ ይሄ ትክክል ነው?" አለኝ።

ትክክል አይደለም። ግን ለምን ትክክል እንዳልሆነ ለማስረዳት የእኛ እግር ኳስ ትንሽ ያስቸግራል፤ ጨዋታው ስለሚፈስ አንዷን ቅብብል ነጥሎ ማየት ከባድ ነው። ነገሩ ራቁቱን የሚታየው በሌላ ስፖርት ጌም ውስጥ ነው፤ በአሜሪካ ፉትቦል።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ 11 ለ11 ነው የሚጫወቱት። ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ኳሷን በእጅ ወደፊት መወርወር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ወርዋሪው ኳርተርባክ ይባላል፣ ሮጦ የሚቀበለው ሪሲቨር ይባላል፤ ሪሲቨሩን ከሚያሳድዱት ዋነኞቹ ደግሞ ኮርነርባክ እና ሴፍቲ የሚባሉት ናቸው። እያንዳንዱ ሙከራ ጥቂት ሰከንድ ሄዶ ይቆማል። ስለዚህ "ቅብብልን መከላከል" የሚባለው ነገር ከሌላው ተለይቶ፣ እንደ ቤተ ሙከራ ናሙና ፊታችሁ ይቀመጣል።

የዚህ ስፖርት ዋናው ጌም "ማደን" ነው። ስሙ ከአሠልጣኝ ጆን ማደን የመጣ ነው እንጂ ከአደን ጋር ዝምድና የለውም፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቅብብል መከላከል ከአደን ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ማደን ኦክላንድ ሬይደርስን እ.ኤ.አ. በጥር 1977 ለሻምፒዮንነት ያበቃ ሰው ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ጌሙን ሲያስብ የዘመኑ ኮምፒውተሮች ደካማ ስለነበሩ የተጫዋቾቹን ቁጥር ለመቀነስ ፈልጎ ነበር። ሰውዬው እምቢ አለ። 11 ለ11 ካልሆነ ስሜን አልሰጥም ብሎ ድርቅ አለ። ጌሙ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ በየቡድኑ 11 ሰው ነበረው። ይህን ግትርነት እወድለታለሁ። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ የተጫዋቹ ቁጥር ተሟላ፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች ጭንቅላት ግን እስከ ዛሬ አልተሟላም። ኳሷን ሳያይ ወደ ኳሷ የሚዘል ተከላካይ በማደን ተጫዋቾች ዘንድ የዓመታት ቅሬታ ነው።

ከየት መጣ ይሄ? ኮምፒውተሩ ውስጥ ሜዳ የለም፤ ያለው ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት፣ ኳሷ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለች፣ ሁሉም በቁጥር ተጽፏል። የተከላካዩን ውሳኔ የሚጽፈው ፕሮግራመር ሰንጠረዡ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። "ኳሷ የት ናት?" ብሎ መጠየቅ አንድ መስመር ኮድ ነው። "ይሄ ሰው ከቆመበት ሆኖ፣ በዚህ አቅጣጫ እየተመለከተ፣ ከፊቱ ሌላ ሰው ተጋርዶበት ኳሷን ማየት ይችላል?" ብሎ መጠየቅ ግን ብዙ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ማወቅ በነፃ ነው፤ የሚያስከፍለው አለማወቅ ነው።

ነገሩ የጌም ሠሪዎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የጎግል ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ተጫዋቾችን ለማሠልጠን የእግር ኳስ ሜዳ በኮምፒውተር ሠርተው ለሁሉም ክፍት አድርገው ነበር። እዚያ ለተጫዋቹ ከሚሰጡት የመረጃ ዓይነቶች አንዱ 115 ቁጥሮች አሉት፤ የ22ቱም ተጫዋቾች ቦታና እንቅስቃሴ በውስጡ አለ። ከጀርባ ያለውም፣ ከፊት ያለውም እኩል ነው። የእነሱ ጥያቄ ሌላ ስለነበር አልወቅሳቸውም። "እውነተኛውን ስፖርት ነው የምሸጥላችሁ" የሚል ጌም ግን እንዲህ ሲያደርግ መወቀስ አለበት።

የሰው ዓይን ወደ ጎን 180 ዲግሪ ገደማ ያያል፤ ከዚያም ውስጥ አጥርቶ የሚያየው መሃሏን ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ፍየል ከ300 ዲግሪ በላይ ታያለች፤ ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ ከኋላዋ የሚመጣውን ነብር ሳትዞር ልታውቅ ትችላለች። የጌሙ ተከላካይ እንግዲህ ከሰው ይልቅ ለፍየል ይቀርባል። (ይህን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ተናግሬ ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ ከጀርባ ኳስ የሚቆርጥ ተከላካይ ሁሉ "ፍየሏ" ሆኖ ቀረ።)

እውነተኛው ኮርነርባክ ከባድ ምርጫ አለበት። ሰው በሰው ሲይዝ ዓይኑ ሪሲቨሩ ላይ ነው፤ ወገቡን እያየ ወዴት እንደሚታጠፍ ይገምታል። ኳሷን አያያትም። መጣች አልመጣች የሚያውቀው ከሪሲቨሩ ነው፦ ዓይኑ ሲፈጥ፣ እጁ ሲነሳ። ቦታ ሲጠብቅ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዓይኑ ኳርተርባኩ ላይ ስለሚሆን ከኋላው ሾልኮ የሚያልፈውን ሪሲቨር ያጣዋል። ሁለቱንም ባንዴ ማየት አይቻልም። የዚህ ስፖርት ቅብብል ጥበብ በሙሉ የተሠራው በዚህች ስንጥቅ ላይ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከስንጥቋ ውስጥ ከሚወጡት ነገሮች ለእኔ የሚጥመኝ በዓይን መዋሸት ነው። ጥሩ ኳርተርባክ ሆን ብሎ ወደ ግራ ያያል። ሴፍቲው ዓይኑን አምኖ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይሄዳል። ኳሷ ወደ ቀኝ ትወረወራለች። እናንተ ይህን ከሮናልዲንሆ ታውቁታላችሁ፤ ፊቱን ወዲያ አዙሮ ኳሷን ወዲህ ሲልክ ተከላካዩ ቆሞ ይቀር የነበረው እግሩ ደክሞት አይደለም፣ ዓይኑን አምኖ ነው። አሁን ይህንኑ ጌም ውስጥ አስቡት። ተከላካዩ የሚያነበው ሰንጠረዡን ከሆነ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ደግሞ የኳሷ አቅጣጫ በቁጥር ካለ፣ ማን ዓይን ያያል? ሳያዩ ማቀበል ጌም ውስጥ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ ተከላካዩ አይታለልም። ጌሙ ተከላካዩን ጎበዝ አላደረገውም፤ ማታለል የሚባለውን ሙያ ከስፖርቱ ሰረዘው እንጂ።

ሁለተኛው በሽታ ጊዜ ነው። ይህን በእጃችሁ መለካት ትችላላችሁ። ጓደኛችሁ 30 ሴንቲሜትር ማስመሪያ ቁልቁል ይያዝ፤ እናንተ ዜሮው ጋ ጣታችሁን ከፍታችሁ ጠብቁ። ሳይነግራችሁ ይልቀቀው። 20 ሴንቲሜትር ላይ ከያዛችሁት፣ ዓይታችሁ እስክትይዙ 0.2 ሰከንድ ገደማ ፈጅቶባችኋል ማለት ነው። 15 ላይ ከሆነ 0.175። እኛ ቤት ውስጥ በጣም የሚፎክረው ልጅ 17 ላይ ያዘ፤ እኔ 24 ላይ፤ ዕድሜዬን አትጠይቁኝ። ይህ ደግሞ የሚጠብቁትን አንድ ነገር ማየት ብቻ ነው። "ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ የታጠፈው?" የሚል ምርጫ ሲጨመርበት ጊዜው ይረዝማል።

ጌም በሰከንድ 60 ሥዕል እያሳየ ነው የሚሄደው ካልን፣ 0.2 ሰከንድ 12 ሥዕል ነው። ሪሲቨሩ ሲታጠፍ በዚያው ሥዕል አብሮት የሚታጠፍ ተከላካይ 12 ሥዕል በስጦታ አግኝቷል። በሰከንድ 8 ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ 1.6 ሜትር ነው። አንድ ክንድ ያህል ርቀት በሚወስነው ስፖርት ውስጥ 1.6 ሜትር ማለት ሙሉ ቅብብሉ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ሪሲቨርና ተከላካይ በአንድ ገመድ የታሰሩ መስለው አብረው ሲታጠፉ ካያችሁ፣ ያያችሁት ይህን ስጦታ ነው።

ሦስተኛው ነገር አሯሯጥ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ አገር እረኞች ከፕሮግራመሮቹ ይሻላሉ። ከደባርቅ ወጣ ብላችሁ ወደ ስሜን ተራራዎች ወይ ወደ በየዳ መንገድ ያለውን ገብስ ማሳ አስቡት። ፍየሏ ወደ ማሳው እየገሰገሰች ነው። እረኛው ልጅ አሁን ወዳለችበት አይሮጥም፤ ወደምትደርስበት ነው። ግን የምትደርስበትን በምን አወቀ? አላሰላውም። እየሮጠ ፍየሏን በዓይኑ በአንድ አቅጣጫ ላይ ያስቀምጣታል፤ ርቀቱ እየጠበበ አቅጣጫው ሳይለወጥ ከቆየ መገናኘታቸው አይቀርም። ፍየሏ ስትፈጥን አቅጣጫዋ ወደፊት ይሸሻል፤ ያኔ እሱም ይፈጥናል ወይም ይበልጥ ወደፊት ይታጠፋል።

ሳይንቲስቶች ይህን የመሰለ ነገር በአየር ላይ ባለ ኳስም አጥንተዋል። ሲቪል ቻፕማን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 የቤዝቦል ተጫዋች የኳሷን ማረፊያ ሳያሰላ፣ ኳሷ በዓይኑ ስትወጣ የምታሳየውን ለውጥ ብቻ እየተከተለ ሊደርስባት እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1995 ማክቤዝና ባልደረቦቹ "ሳይንስ" መጽሔት ላይ ሌላ ማብራሪያ አቀረቡ፦ ሯጩ ኳሷ በዓይኑ ቀጥ ባለ መስመር የምትሄድ እንድትመስለው እያደረገ ይሮጣል፤ በዚህም ምክንያት የእግሩ መንገድ ትንሽ ይጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፍሪዝቢ የሚይዙ ውሾች ተመሳሳይ ነገር እንደሚያደርጉ ታየ። የትኛው ማብራሪያ እንደሚበልጥ ክርክሩ ቀጥሏል፤ የሚስማሙበት ግን ሯጩ እየሮጠ ያለማቋረጥ ማየት እንዳለበት ነው።

ኳሷ ከእጅ በወጣችበት ቅጽበት ወደ ማረፊያዋ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ የሚሮጥ የጌም ተከላካይ ታዲያ ፈጽሞ ሌላ ፍጡር ነው። እሱ ቀመር ነው የፈታው። የሁለቱ ልዩነት ደባርቅ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የእግር ኳስ በሰከንድ 25 ሜትር ተመትታ 30 ሜትር ብትበር፣ በግምት ሳሰላው ደባርቅ ላይ በ0.07 ሰከንድ ያህል ቀድማ ትደርሳለች። ለሚሮጥ ተከላካይ ይህ ግማሽ ሜትር ነው። ቀመር የሚፈታው ተከላካይ የአየሩን ውፍረት ካልነገሩት ይሳሳታል። በዓይኑ የሚከተለው ልጅ ግን ስለ አየር ምንም ሳያውቅ፣ ኳሷ ስትፈጥንበት እሱም እየፈጠነ ይደርሳል።

እስካሁን ፕሮግራመሮቹን ብቻ ነው የወቀስኩት። አሁን ለእነሱ ልከራከር፤ ምክንያታቸው ተራ አይደለምና።

ጀርባው ላይ ዓይን ያለው ተከላካዩ ብቻ አይደለም። እናንተም አላችሁ። የእግር ኳስ ጌም ስትጫወቱ ከመስመሩ ውጪ፣ ከላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት፤ ሜዳው ውስጥ ያለ ማንም ተጫዋች እንደዚያ አይቶ አያውቅም። በማደንም ካሜራው ከኳርተርባኩ ኋላና ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። እውነተኛው ኳርተርባክ ከፊቱ በቆሙት ግዙፎች ትከሻ መካከል አጮልቆ ነው የሚያየው፤ እናንተ ግን ከላይ ሆናችሁ ሁሉንም። ስለዚህ ተከላካዩን ብቻ ሰው አድርገን፣ አጥቂውን አምላክ አድርገን ብንተወው ውጤቱ 60 ለ0 ይሆናል። ተከላካዩ የተሰጠው ተአምር የእናንተን ተአምር ማካካሻ ነው። ይህን ሳስረዳ የወንድሜ ልጅ "ታዲያ እኩል ነን ማለት ነው" አለ። አይደለም። ሁለት ሌቦች እኩል ቢሰርቁ ገበያው ትክክል አይሆንም።

አንዴ ደፍረው ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው "ማደን 06" ለኳርተርባኩ የዕይታ ብርሃን ሰጠው፦ ከዓይኑ የሚወጣ የባትሪ መብራት የሚመስል ሦስት ማዕዘን። ከብርሃኑ ውጪ ላለ ሪሲቨር ብትወረውሩ ኳሷ ትስታለች። ብዙ ተጫዋቾች አልወደዱትም፤ በኋላም ከጌሙ ወጣ። "ሰው እውነተኛነት አይፈልግም፣ መዝናናት ነው የሚፈልገው" ለሚሉ ጥሩ ማስረጃ ሆኖላቸዋል። እኔ አልቀበለውም። ብርሃኑ ለወርዋሪው ሸክም ጨመረበት፤ ጣቱ ሌላ ሥራ አገኘ። በምላሹ ግን ሊያገኘው የሚገባውን፣ በዓይን የመዋሸትን ጥቅም፣ በሚገባው መጠን አላገኘም። ዕውርነትን ለአንዱ ወገን ብቻ ሰጥተው "ዕውርነት አያዝናናም" ብለው ደመደሙ። ሌላው ወገንም ቢታወር ኖሮ ያ ብርሃን ጦር መሣሪያ ይሆን ነበር።

ከዚያ ይልቅ የተመረጠው መንገድ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ተከላካይ እስከ 99 የሚደርስ ነጥብ አለው፦ ሰው ለመያዝ፣ ቦታ ለመጠበቅ፣ የተጋጣሚን ዕቅድ ለመለየት። ነጥቡ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ችግሩ ስህተት ከነጥብና ከዕጣ ሲመጣ ነው። ያኔ ኳሷን ፊት ለፊት ያያት ተከላካይ ይጥላታል፣ ያላያት ይይዛታል። በሕይወት ውስጥ ስህተት ምክንያት አለው። ዘግይቶ ዞረ፤ ፀሐይ ዓይኑን ወጋው፤ ሰው ተጋረደበት። ምክንያቱን ያየ ተጫዋች ይማርበታል። ዕጣ የወጣበት ግን ይናደዳል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል።

ማስተካከሉ አይከብድም። ለእያንዳንዱ ተከላካይ የራሱን ደብተር መስጠት ነው። ደብተሩ ውስጥ ያለው ሰንጠረዡ አይደለም፤ እሱ ራሱ ያየው ነው፦ ይሄ ሰው መጨረሻ ያየሁት እዚያ ነበር፣ ከዚህን ያህል ጊዜ በፊት። ጊዜው ሲረዝም ጥርጣሬው ይሰፋል፤ በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ሰው ግማሽ ሰከንድ ካልታየ እስከ 4 ሜትር ሄዶ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬውን ለማጥበብ ተከላካዩ አንገቱን ማዞር አለበት፤ አንገቱን ሲያዞር ደግሞ ሌላውን ያጣል። ጌይር ዮርዴት የተባለው የኖርዌይ ተመራማሪ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን በቪዲዮ እያጠና፣ ኳስ ሳይደርሳቸው ደጋግመው ዘወር ብለው የሚያዩት ቅብብላቸው ይበልጥ እንደሚሳካ አሳይቷል። እንግዲህ 99 ነጥብ ያለው ተከላካይ ማለት መቼ ዘወር ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ይሁን። ለ11 ተከላካይ፣ 11 ተጋጣሚና አንድ ኳስ፣ በጠቅላላው 132 መስመር ነው። የዛሬ ፕሌይስቴሽን ይህን ለመያዝ አያልበውም።

ታዲያ ለምን አልተደረገም? አንዱ ምክንያት ይመስለኛል ገበያው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ጋር ብቸኛ ውል ፈረመ። በዚያው ዓመት በ20 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረውና ብዙዎች የወደዱት ተፎካካሪው "ኤንኤፍኤል 2ኬ5" ተከታይ ሳይወጣለት ቀረ። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ጀርባውን አያይም።

ከደባርቅ ከመመለሴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ልጆቹ ሜዳ ይዘውኝ ሄዱ። ያ ኳስ የተቆረጠበት ልጅ ኳስ ይዞ ወደ ግራ መስመር ተመለከተ፤ ከእሱ በሁለት ዓመት የሚበልጠው ተከላካይ ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ኳሷ በቀኝ አለፈች። ማታ ያንኑ በጌሙ ሞከረው። አሥር ጊዜ ወደ ግራ አዙሮ ወደ ቀኝ አቀበለ። ተከላካዩ አንዴም ፊቱን አላየውም። ልጁ ከፍሎ ወጣ።